የሚስማር ሽጉጥ አልመታም ሲል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ገላን፣ ለቡ፣ ቡራዩ፣ ለገጣፎ፣ ኮዬ ፈጬ። የአዲስ አበባን ዳር ዳር ስትዞሩ ከየቆርቆሮው አጥር ጀርባ ኮምፕሬሰር ሲንደቀደቅ ትሰማላችሁ። ሶፋ የሚሠራ አለ፣ ፓሌት የሚመታ አለ፣ ኮርኒስ የሚያለብስ አለ። መዶሻ አሁንም አልተጣለም፤ ሥራውን የሚገፋው ግን የሚስማር ሽጉጡ ነው። እሱ አልመታም ያለ ቀን ሠራተኛው እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል፣ ደንበኛው ይደውላል፣ አለቃው ይነጫነጫል።

እንዲህ ሲሆን ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ብሩጎላ ነው። ሽጉጡን ይፈታዋል። እኔ የምመክረው ግልባጩን ነው፦ ከግድግዳው ሶኬት ተነሱና በኮምፕሬሰሩ፣ በቱቦው፣ በማያያዣው በኩል አድርጋችሁ ወደ ሽጉጡ ኑ። ብልሽቱ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ይገኛል። እዚህ የምናወራው በኮምፕሬሰር አየር ስለሚሠራው ሽጉጥ ነው። የጋዙንና የባትሪውን ወደ መጨረሻው ነካ እናደርጋለን።

ምንም ነገር ከመነካካቴ በፊት ምን ላድርግ?

ቱቦውን ንቀሉ። ኮምፕሬሰሩን ማጥፋት ብቻውን አይበቃም፤ ታንኩም ቱቦውም ውስጥ አየር አለ። ቱቦው ስትነቅሉት ሽጉጡ ውስጥ የቀረው አየር “ፍስ” ብሎ መውጣት አለበት። ካልወጣ ሽጉጡ ላይ የተገጠመው ማያያዣ የራሱ መዝጊያ ያለው ዓይነት ነው ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ አየሩን ውስጥ አፍኖ ያስቀራል። ቱቦው ተነቅሎ እንኳ አንድ ጊዜ ሊመታ ይችላል። ያን ማያያዣ ቀይሩት። ሽጉጡ ላይ የሚገጠመው ወንዱ፣ ክፍት የሆነው ነው፤ መዝጊያ ያለው ሴቷ ቱቦው ጫፍ ላይ ትሁን።

ከዚያ ሚስማሩን ከማስቀመጫው አውጡ። መነጽር አድርጉ። ሽጉጡ “አይሠራም” ስለተባለ አፉን ወደ ፊታችሁ አዙራችሁ አትዩት። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የተባለው ለዚህ ነው።

ብልሽቱ የት እንዳለ በምን ልወቅ?

በጆሮ። ቱቦውን መልሳችሁ ሰኩ፣ ሚስማር መልሳችሁ ጫኑና ቁራጭ እንጨት ላይ አፍንጫውን ጫን አድርጋችሁ ምላጩን ሳቡ። ከሦስት ነገር አንዱን ትሰማላችሁ።

“ጧ!” ብሎ በሙሉ ኃይል ከመታ፣ ሚስማር ግን ካልወጣ፣ አየሩ ደህና ነው። ችግሩ የሚስማሩ አገባብ ነው። ደከም ያለ “ፑፍ” ካለና ሚስማሩ እንጨቱ ላይ ቆሞ ከቀረ አየር አንሶታል። ጭራሽ ዝም ካለ ደግሞ ወይ አየር አልደረሰውም፣ ወይ የሆነ መቆለፊያ ይዞታል።

ዝምታው ብዙ ሰው ያሳስታል። ሽጉጡ ጤነኛ ሆኖም ዝም ሊል ይችላልና። አንዳንዱ ሽጉጥ አፍንጫው በቅድሚያ ካልተጫነ አይመታም። ጣታችሁን ምላጩ ላይ እንደያዛችሁ አፍንጫውን ብታስጠጉት ዝም ነው። ምላጩን ሙሉ በሙሉ ልቀቁ፣ አፍንጫውን ጫኑ፣ ከዚያ ሳቡ። ሌላው ደግሞ ሚስማሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ራሱን ይቆልፋል፤ ባዶውን እንዳይመታ ተብሎ የተሠራ ነው። ማስቀመጫውን ከፍታችሁ አዲስ መስመር ጨምሩበትና ሞክሩ። በዚህ ብቻ የተፈታ “ብልሽት” ብዙ ነው።

ጌጁ 8 ባር ያሳያል፤ ሽጉጡ ግን አቅም የለውም። ለምን?

የትኛውን ጌጅ፣ ማለትም የግፊት መለኪያ፣ ነው ያያችሁት? ኮምፕሬሰሩ ላይ ሁለት አሉ። አንዱ ታንኩ ውስጥ ያለውን ያሳያል። ሁለተኛው፣ ከግፊት መቆጣጠሪያው ጋር ያለው፣ ወደ ቱቦው የሚሄደውን ያሳያል። ለሽጉጡ የሚጠቅመው ሁለተኛው ነው። እሱንም ቢሆን ሽጉጡ ቆሞ እያለ ማየት ዋጋ የለውም። እየመታችሁ እዩት።

ገላን መግቢያ ላይ አንድ ሶፋ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጁ የሶፋውን አጽም አጋድሞ ይመታል። የታንኩ ጌጅ 8 ላይ ተተክሏል። ትንሹ ጌጅ ግን ሽጉጡ በመታ ቁጥር ከ6 ወደ 3 ዘጭ ይልና ቀስ እያለ፣ እየተጎተተ ይመለሳል። ሚስማሩ ግማሹ ከእንጨቱ ውጭ ቀርቷል። ልጁ ሽጉጡን በመዳፉ ይጠፈጥፈዋል። መጨረሻ ላይ መቆጣጠሪያው ሥር ያለው ማያያዣ ሲፈታ ውስጡ ነጭ የቴፍሎን (የጥርስ ማሸጊያ ጥብጣብ) ጉንጉን ተወትፎ ተገኘ። ማያያዣውን ያሰረው ሰው ቴፍሎኑን ከጥርሱ ጫፍ አሳልፎ ጠምጥሞት፣ ትርፉ ወደ ውስጥ ገብቶ ነው። አየሩ በዚያች ቀዳዳ እየተንጠባጠበ ሲያልፍ ጌጁ ቀስ ብሎ ይሞላል፤ ሽጉጡ ግን የሚፈልገው በአንድ ጊዜ ነው።

ቴፍሎን ስትጠመጥሙ የመጀመሪያዋን ጥርስ ባዶ ተዉአት። ይኸው ነው ጥበቡ።

ስንት ባር ላይ ላድርገው?

ሽጉጡ ገላ ላይ ተጽፏል፤ ከሁሉም በላይ እሱን እመኑ። በጥቅሉ ትንንሾቹ፣ ማለትም ቀጭን ሚስማር የሚመቱት ኤፍ 30 እና ኤፍ 50 የሚባሉት እንዲሁም የሶፋ ጨርቅ የሚመቱት ስቴፕለሮች፣ ከ4 እስከ 7 ባር ይበቃቸዋል። የፓሌቱ ባለ ጥቅል ሚስማርና ትልልቁ የጣሪያ እንጨት መምቻ ከ5 እስከ 8 ባር ይፈልጋል።

ጌጁ ላይ ሁለት ረድፍ ቁጥር ስላለ ብዙ ሰው ይምታታበታል። 100 ፒኤስአይ ማለት ወደ 7 ባር ነው። በሜጋ ፓስካል የተጻፈ ካገኛችሁ 0.7 ማለት ያው 7 ባር ነው። ሽጉጡ ላይ “100” የሚል አይቶ ጌጁን እስከ ጥግ የሚጠመዝዝ ሰው አለ። ከተጻፈው በላይ መስጠት ሚስማሩን አያጠብቅም፤ ውስጥ ያለውን፣ ፒስተኑ የሚያርፍበትን የጎማ መቀበያ ነው የሚሰባብረው።

መቆጣጠሪያው አልዞርም ካለ ራሱን ወደ ላይ ሳቡት። ሲሳብ ይፈታል፣ ሲጫን ይቆለፋል።

ኮምፕሬሰሬ ቶሎ አይሞላም። አርጅቶ ነው?

ሊሆን ይችላል። ግን ከመወንጀላችሁ በፊት የቆማችሁበትን ከፍታ አስቡ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እንጦጦን ተሻግራችሁ ሱሉልታ ብትገቡ ከዚያም ይበልጣል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ወደ ሦስት አራተኛው ይወርዳል። ኮምፕሬሰሩ በእያንዳንዱ ዙር የሚስበው አየር ስስ ነው ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ በሦስት ደቂቃ ይሞላል የተባለው ታንክ እኛ ጋ አራት ደቂቃ ቢፈጅ አይግረማችሁ። ሞተሩም ይበልጥ ይሞቃል።

አንድ ነገር ግን ለዩ። ታንኩ አንዴ 7 ባር ከሞላ የሽጉጡ ምት እዚህም ጠረፍም ያው ነው። ከፍታው የሚጎዳው አሞላሉን ነው፣ ምቱን አይደለም። ስለዚህ ጠዋት የመጀመሪያዎቹን ሚስማሮች ጥሩ መትቶ ኋላ ላይ የሚዳከም ከሆነ ታንኩን እየቀደማችሁት ነው። ትንሽ አሳርፉት፣ ወይም ኮምፕሬሰር ስትገዙ ለከፍታው ብላችሁ አንድ ደረጃ ከፍ ያለውን ግዙ። ባለ 24 ሊትሩ ለኮርኒስና ለስቴፕለር ይሆናል፤ ለፓሌት ግን ማላገጫ ነው።

የአየር መሳቢያውን ማጣሪያም እዩ። በበጋ የኮረኮንቹ አቧራና የእንጨቱ ብናኝ ተደራርቦ እንደ ሊጥ ይደፍነዋል። ስፖንጁን አውጥታችሁ ማጠብ፣ ማድረቅ፣ መመለስ።

ሞተሩ ይጮኻል ግን አይዞርም፤ ወይም መሀል ላይ ይጠፋል። የመብራቱ ችግር ነው?

ዳር ሰፈር ከሆናችሁ መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። ማታ ማታ፣ ሁሉም ምጣዱን ሲጥድ፣ ቮልቴጁ ይወርዳል። 220 ሊሆን የሚገባው ዝቅ ሲል ሞተሩ መነሻ ኃይል ያጣል። በተለይ ታንኩ ግማሽ ሞልቶ እያለ ሲነሳ። ከጎረቤት ቆጣሪ በቀጭን ሽቦ የተሳበ መስመር ላይ ከሆነ ደግሞ ባሰ።

ባለ 2 ፈረስ ጉልበት ኮምፕሬሰር 1.5 ኪሎ ዋት ገደማ ነው። ሲሠራ 7 ወይም 8 አምፔር ይስባል፤ ሲነሳ ለቅጽበት የዚያን ብዙ እጥፍ። ለሬዲዮና ለሞባይል ቻርጀር የተሠራ ማከፋፈያ ይህን አይችልም። ይሞቃል፣ ይቀልጣል፣ ሞተሩን ይገድላል። የሽቦው ውፍረት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይሁን። ከሁሉም የሚሻለው ግን ይህ ነው፦ ኮምፕሬሰሩን ሶኬቱ አጠገብ ተዉት፤ የአየር ቱቦውን አስረዝሙ። ሽቦ ከማስረዘም ቱቦ ማስረዘም ይሻላል።

የሚጮኽ ግን የማይዞር ሞተርን ሰከንድ አትስጡት። ንቀሉት። የታንኩን አየር አውጡና ባዶውን አስነሱት። ባዶውንም ካልተነሳ ካፓሲተሩ ነው ብዬ እገምታለሁ፤ ኤሌክትሪክ ሠሪ ይየው፤ ካፓሲተር ተነቅሎም ይመታልና ራሳችሁ አትነካኩት። ባዶውን ተነስቶ ሞልቶ ሲቆም ዳግም የማይነሳ ከሆነ ደግሞ ሲጠፋ “ጭስ” ብላ ራሷን ማስተንፈስ ያለባት ቫልቭ ተደፍናለች።

በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋትም ይኸው ይገጥማችኋል። የኮምፕሬሰሩ ዘይት ብርዱ አወፍሮት ነው። የታንኩን ማስተንፈሻ ከፍታችሁ ለጥቂት ደቂቃ ያለ ጭነት አሙቁት።

ቱቦውና ማያያዣውስ?

ቱቦው ረጅምም ቀጭንም ከሆነ ትንሹ ሽጉጥ ይችለዋል፣ የፓሌቱ ግን ይራባል። ለትልቁ የውስጥ ስፋቱ 8 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ያለውን ያዙ። እዚያው የተጠቀለለውን ሁሉ ዘርጉት፤ ጣውላ ሥር የተጣጠፈ ቱቦ ብዙ ሰው አስለፍቷል።

ማያያዣዎቹ ተመሳሳይ መስለው አንድ አይደሉም። የእስያው፣ የአውሮፓውና የአሜሪካው ቅርጽ ይለያያል። የማይገጥሙ ሁለቱ በግድ ሲሰኩ “ቀጭ” ይላሉ፤ ግን ውስጥ ያለችው መዝጊያ በደንብ አትከፈትም። አየር ሲያልፍ ትሰማላችሁ፣ ሽጉጡ ግን አይጠግብም። ወንዱንም ሴቷንም ከአንድ ሱቅ፣ አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ግዙ።

ጥርጣሬ ካለ ሽጉጡን ይዛችሁ ኮምፕሬሰር ያለው ጎረቤት ጋ ሂዱ። እዚያ ከመታ መልሱ ተገኘ፤ ሽጉጡን መፍታት አያስፈልግም።

አየር ከሽጉጡ ላይ ይወጣል። ከየት ሲወጣ ምን ማለት ነው?

በሳሙና አረፋ ቀቡትና የሚፈላበትን ቦታ እዩ።

ከምላጩ ዙሪያ ከሆነ የምላጩ ቫልቭ ቆሽሿል ወይም ኦሪንጉ፣ ማለትም ክቡ የጎማ ማሸጊያ፣ ደርቋል። ይህ በጣም የተለመደው ነው፤ ጠቅላላው ቫልቭ ተገዝቶ የሚቀየርም አለ። ከላይ፣ አየር ማስወጫው በኩል ሳይቋረጥ ከወጣ የጭንቅላቱ ቫልቭ ወይም የፒስተኑ ኦሪንግ ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር፦ አየሩ በጣም ዝቅ ሲል ጤነኛ ቫልቭም በደንብ አይቀመጥም፣ ያፈሳል። ስለዚህ 5 ባር ላይ አድርሳችሁ መልሳችሁ ሰኩት እንጂ ወዲያው አትፍረዱበት። ከታች ከአፍንጫው ከወጣ ውስጥ ያለው የጎማ መቀበያ ተሰብሯል ወይም ተበልቷል። በክዳኑና በገላው መሀል ከሆነ ብሎኖቹ ላልተዋል፤ በብሩጎላ ተሻጋሪ እያደረጋችሁ፣ አንዱን ከዚህ አንዱን ከዚያ፣ አጥብቁ።

በኃይል ይመታል፤ ሚስማር ግን አይወጣም።

ሚስማሩ የሽጉጡ መሆኑን እዩ። የኤፍ ሚስማር ቀጭን ነው፤ ለኮንክሪት በሚሆነው ኤስቲ ሽጉጥ አይሄድም፣ ኤስቲውም በኤፍ አይገባም። ኤፍ 30 የሚባለው እስከ 30 ሚሊ ሜትር ድረስ ነው የሚወስደው። የሶፋ ስቴፕልም ጀርባው ሰፊና ጠባብ አለው፤ አንዱ በሌላው ማስቀመጫ ውስጥ ወይ ይወዛወዛል ወይ አይገባም።

ልኩ ከሆነ ደግሞ ገፊዋን እዩ። የማስቀመጫው ሞላ ሲደክም ሚስማሩን ቶሎ አያስጠጋም። ብዙ ጊዜ ግን የደከመ ሞላ አይደለም፤ ብናኝና ዘይት ተላቁጦ ሐዲዱ ላይ ተጋግሯል። በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት። ዘይት አትጨምሩበት፣ ብናኙን ይሰበስባል። በክረምት የዛገ ሚስማርም እርስ በርሱ ይያያዛል። ፓኬቱ ከተከፈተ በኋላ ሚስማሩን መሬት ላይ አትተዉት፤ በፕላስቲክ ዕቃ ከድናችሁ አስቀምጡ።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ የመቺዋን ምላስ እዩ። ጫፏ ተሰብሮ ወይም ተበልቶ ክብ ከሆነ የሚስማሩን ራስ ታልፈዋለች።

ሚስማር አፍንጫው ውስጥ ተቀርቅሯል። እንዴት ላውጣው?

ቱቦው ተነቅሏል? እንግዲያው ማስቀመጫውን ወደ ኋላ ሳቡና የቀሩትን ሚስማሮች አውጡ። አፍንጫው ላይ መክፈቻ ካለው ክፈቱት፤ ከሌለው ሁለቱን ብሎን ፍቱ። የታጠፈውን ሚስማር በፒንሳ ሳቡት። ምላሱ ወደ ታች ወርዶ ከቀረ በቀጭን ካቻቢቴ ቀስ ብላችሁ ወደ ላይ ግፉት። በመዶሻ አትምቱት። ምላሱ ትንሽ ከጎበጠ ከዚያ በኋላ በየአሥሩ ሚስማር መቀርቀሩ አይቀርም።

ደጋግሞ የሚቀረቅር ከሆነ ሚስማሩን ቀይራችሁ እዩ። ርካሽ መስመር ሙጫው እኩል አይደለም፤ ማስቀመጫው ውስጥ እያለ ይሰበራል።

አንዱን መትቶ ሁለተኛውን አይመታም።

ቱቦውን ነቅላችሁ አፍንጫውን ከጎን እዩ። ምላሱ ወጥቶ ከቀረ ፒስተኑ ወደ ቦታው አልተመለሰም። ወይ አየር አንሶታል፣ ወይ ኦሪንጉ ደርቆ ይዞታል፣ ወይ ውስጡ ቆሽሿል። መጀመሪያ ዘይት፣ ቀጥሎ አየር፣ መጨረሻ መፍታት።

ምን ዘይት ልጠቀም? የሞተር ዘይት አይሆንም?

አይሆንም። የሞተር ዘይት ውስጥ ያለው ማጽጃ ኬሚካል ኦሪንጉን ይጎዳዋል። የፍሬን ዘይትማ ጎማውን አሳብጦ ይጨርሰዋል። በቤንዚንና በነጭ ጋዝ ማጠብም የተለመደ ነው፤ እባካችሁ ተዉት። ጎማ ይበላል፣ ከዚያም አልፎ በታመቀ አየር ውስጥ የቀረ የቤንዚን ትነት ሊቀጣጠል ይችላል።

ለአየር መሣሪያ ተብሎ የሚሸጠው ቀጭን ዘይት ነው ትክክሉ። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ቱቦው በሚሰካበት ቀዳዳ 2 ወይም 3 ጠብታ፣ ከዚያ ጥቂት ጊዜ ቁራጭ እንጨት ላይ መምታት። ሙሉ ቀን የሚመታ ከሆነ ከምሳ በኋላ ድገሙለት። ከዚህ በላይ መጨመር ጥቅም የለውም፤ ትርፉ በማስወጫው ተረጭቶ የደንበኛውን ነጭ ኤምዲኤፍ ያበላሻል። ዘይት አይፈልግም ተብሎ የተሠራም አለ፤ የእናንተ እንደዚያ ከሆነ ገላው ላይ ይጻፋል።

ክረምት ሲገባ የሚብሰው ለምንድን ነው?

ውሃ። እርጥብ አየር ሲታመቅና ሲቀዘቅዝ ውሃው ታንኩ ሥር ይጠራቀማል። የታንኩን የታች ማውጫ ክፈቱት፤ ቡናማ ውሃ ቢፈስ አትደንግጡ፣ ዝገት ነው። ካልፈሰሰ ያ ውሃ በቱቦው ሽጉጡ ውስጥ ይገባል። ክዳኑን ስትከፍቱ ወተት የመሰለ ነጭ ቅባት ካገኛችሁ ውሃና ዘይት ተዋህዷል ማለት ነው። በየቀኑ ማታ፣ ጥቂት አየር እያለ፣ ክፈቱና አስወጡ። ታንኩ ከውስጥ እየዛገ ከሳሳ አደጋው ከሽጉጡ ይከፋል።

መብራት ሲጠፋ ከበያጁ የኦክስጅን ሲሊንደር አየር ልውሰድ?

በፍጹም። ብየዳ ቤትና እንጨት ቤት በአንድ ግቢ በሚጋሩበት ሰፈር ይህን ሐሳብ የሚያቀርብ ሰው አይጠፋም። ኦክስጅን ከዘይት ጋር በግፊት ሲገናኝ ይቀጣጠላል፤ ሽጉጡ እጃችሁ ላይ ይፈነዳል። ሌላም የታሸገ ጋዝ አይሆንም። የሲሊንደሩ ግፊትም ሽጉጡ ከሚችለው እጅግ ይበልጣል። መብራት ከሌለ መዶሻ አለ።

የአፍንጫውን መጠበቂያ ባስረው ሥራ ይፈጥናል ይሉኛል።

ይፈጥናል። የጓደኛችሁ ጉልበት ላይ ሚስማር ለመትከልም ይፈጥናል። መጠበቂያው አፍንጫው እንጨት ላይ ካልተጫነ ሽጉጡ እንዳይመታ የሚይዘው ነው። እሱ ከተጣበቀ ወይም ሞላው ከጠፋ ሽጉጡ ዝም ይላል፤ መፍትሔው ማጽዳት ወይም ሞላውን መተካት እንጂ በሽቦ ማሰር አይደለም። አሠሪ ከሆናችሁ የታሰረ ሽጉጥ ግቢያችሁ ውስጥ አታሠሩበት።

ሚስማር ከገባባችሁ፣ በተለይ መገጣጠሚያ አካባቢ፣ በፒንሳ አትንቀሉት። እንዳለ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም ጠይቁ።

ለስላሳ እንጨት ላይ ይመታል፣ ባሕር ዛፍ ላይ ግን ግማሹ ይቀራል።

ሽጉጡ ደህና ነው። የደረቀ ባሕር ዛፍ ለኤፍ ሚስማር ከባድ ነው፤ ወይራማ ጭራሽ አይወራም። አጠር ያለ ሚስማር፣ ትንሽ ከፍ ያለ አየር፣ ወይም ወፈር ያለ ሚስማር የሚመታ ሽጉጥ። ጉጡን ሽሹ። ባሕር ዛፉ ገና እርጥብ እያለ የሚመቱም አሉ፤ ይገባል፣ ግን እንጨቱ ሲደርቅ ይሸሻል፣ ሚስማሩም ይላላል።

የጋዝና የባትሪ ሽጉጥስ?

የጋዙ ውስጡ ጋዝና አየር እያቃጠለ ነው የሚመታው። ስለዚህ ከፍታው እሱን በቀጥታ ይነካዋል፤ ስስ አየር ደካማ ቃጠሎ ነው። በመመሪያቸው የከፍታ ገደብ የሚጽፉ አምራቾች አሉ። ከውጭ ከማስመጣታችሁ በፊት ያን መስመር ፈልጉ። በተረፈ የጋዙን ጣሳ የአገልግሎት ቀን፣ ባትሪውንና የአየር ማጣሪያውን እዩ። የባትሪው ሽጉጥ ከፍታ አያስጨንቀውም፤ ባትሪው ሲደክም ግን ከመዳከም ይልቅ ዝም ማለት ይቀናዋል።

መለዋወጫውን ከየት ላግኝ? ወይስ አዲስ ልግዛ?

ኦሪንግ ከሆነ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። መርካቶ ኦሪንግና ጎሚኒ የሚሸጡ ሱቆች የውስጥ ስፋቱንና ውፍረቱን በካሊፐር ለክተው ይሰጧችኋል። የተበጠሰውን ቁራጭም ቢሆን አትጣሉት፤ ውፍረቱ ይነበባል። ሽጉጡን ስትፈቱ እያንዳንዱን ደረጃ በስልክ ፎቶ አንሱ። የትኛው ኦሪንግ ከየት እንደወጣ ማታ ላይ አይታወስም።

ምላስና ጎማ መቀበያ ለየሞዴሉ የተለየ ነው። ለዚህ ነው ሰፈሩ ሁሉ የሚጠቀምበትን ሞዴል መግዛት የሚያዋጣው፤ ስሙ ያልታወቀ የሚያምር ሽጉጥ ምላሱ ሲሰበር ተለዋጭ አይገኝለትም። ትንሹ ኤፍ 30 ሲሊንደሩ ከውስጥ ከተቧጨረ አታድክሙት፣ አዲስ ግዙና አሮጌውን ለመለዋወጫ አስቀምጡት። የፓሌቱ ትልቅ ሽጉጥ ግን ይጠገናል። ያገለገለ ስትገዙ ሻጩ ራሱ ኮምፕሬሰር ላይ ሰክቶ፣ የእናንተን ሚስማር ጭኖ፣ በተከታታይ እስኪመታ ድረስ ገንዘቡን ከኪሳችሁ አታውጡ።